የኋሊት የሚሄድ ሰው ረዳት

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። "ጋሼ፣ ደምዎ ንጹሕ ነው፣ ልብዎ ደህና ነው፣ ስኳርም የለብዎትም" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሰው ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ ምንም የለብህም ከተባለ፣ ያመመውን ነገር ይዞ ወዴት ይሂድ? ምግብ አፈር አፈር ይለኛል። እንቅልፍ ከቤቴ ከወጣ ሰንብቷል። ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ከራሴ ጋር ክርክር መግጠም አለብኝ፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የምሸነፈው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ይሄ ድባቴ ይባላል" አለች። "መድኃኒት አለው፤ ግን መጀመሪያ እንቅስቃሴ እንሞክር። ጠዋት ጠዋት ላብዎ ጠብ እስኪል ይራመዱ። ከሰው ጋር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ነው የሄድኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ። ያኔ ግን ወደ ሥራ ነበር። አሁን ወደ የትም አይሂዱ፤ ዝም ብለው ይሂዱ።"

ወደ የትም ሳይሄዱ መሄድ! የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ መነሻና መድረሻ የሌለው መንገድ ካርታ ላይ ሲሰመር አላየሁም። "እሺ" ብያት እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። መድኃኒት ያልጻፈልኝን ሐኪም አልወድም፤ የጻፈልኝንም ብዙ አልወድም።

ባለቤቴ ብዙነሽ ልጃችን ሊዲያ አዲስ አበባ ስትወልድ ልታርሳት ሄደች። "ክርስትናው እስኪደርስ ነው" ነበር ያለችኝ። ክርስትናው ደረሰ። ልጁ ዳዴ አለ፣ ቆሞ ሄደ፣ አሁን መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ነው፤ ብዙነሽ እዚያው ናት። አልፈርድባትም። ሊዲያ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ የሠራተኛው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። "አንተም ና" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ የጎረቤት ካልሲ ሲሰጣ እያየሁ መዋል አልፈልግም። ግትር ነኝ፤ እሷም ታውቀዋለች። ማታ ማታ ትደውላለች።

"እንዴት ዋልክ?"

"ደህና።"

"በላህ?"

"በላሁ።"

ከዚያ ስልኩን ለልጁ ታቀርብለታለች፤ እሱም ጥቂት ይተነፍስብኛል፤ እንዘጋለን። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የማወራው ይህንኑ ነበር። በየጠዋቱ የተማሪ ስም ሲጠራ፣ "አቤት" ሲባልለት የኖረ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ "አቤት" የሚለኝ አጣሁ። ብቸኝነት ማለት ያላነበብኩትን መጽሐፍ ሁሉ የማነብበት ጊዜ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉ ተከፍቶ ደረቴ ላይ ይውላል፤ ገጽ አልገልጥም። መጋረጃውን መክፈት ተውኩ። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ትንፋሼን ውጬ ዝም እላለሁ፤ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ደግሞ ለምን ሄደ ብዬ እከፋለሁ።

በማግስቱ ግን ለሐኪሟ እልህ ስል ገና ወፍ ሲንጫጫ ወጣሁ። የአዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳር በዚያ ሰዓት ሰው ይርመሰመሳል። ወጣቱ ይሮጣል፤ ሴቶች በቡድን ሆነው እያወሩ ይፈጥናሉ፤ ካሌብ የሚባል ስፖርት አሠሪ ሜዳው ላይ ሰዉን ደርድሮ በፊሽካ ያዘልላል። "ጋሼ፣ ይቀላቀሉን!" አለኝ። "አንተ ራስህ ዝለል" ብዬው አለፍኩ። ዳርቻው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። እኔም አንገቴን ቀብሬ፣ ጫማዬን ጫማዬን እያየሁ ስሄድ፣ አንድ ከባድ ጀርባ መጥቶ ደረቴን ገጨኝ።

ሰውየው ዞረ። እኔን የሚያህል፣ ትከሻው ሰፊ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። "ይቅርታ ወንድሜ" አለ፤ "የኋላ መስታወት የለኝም።"

"የኋሊት ምን ያስኬድዎታል?" አልኩት፣ ደረቴን እያሻሸሁ።

"ለጉልበት ጥሩ ነው ብለውኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ጉልበቴ ፍሪሲዮን ስረግጥ አልቋል። ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ወደ ፊት ብቻ ሳይ ኖሬ፣ አሁን ያለፍኩትን ባይ ምን ይለኛል?"

"ሰው ቢገጩስ?"

"ምን ላድርግ፣ ረዳት የለኝም" አለና ሳቀ።

እኔ ሰው የማልቀርብ ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ለጎረቤት እንኳ በር አልከፍትም። አፌ ግን ሳያማክረኝ "ይሂዱ፣ እኔ አይልዎታለሁ" አለ።

በዚያው ጀመርን። እሱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ የኋሊት ይሄዳል፤ እኔ ወደ ፊት እየሄድኩ በትከሻው ላይ አሻግሬ መንገዱን አይለታለሁ። ድንጋይ አለ፣ ብስክሌት መጣ፣ ሥር አለ እለዋለሁ። እሱ ግን "እንደሱ አይባልም" ብሎ የረዳትን ቋንቋ አስተማረኝ። ተሳቢ የኋሊት ሲገባ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ እንደሚጮኸው ማለት ነው፦ ና ና ና፣ ቁረጥ ወደ ግራ፣ መልስ፣ በቃ! በጡረታዬ የመኪና ረዳት ሆንኩ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ካሌብ እንኳ ስናልፍ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ያየን ነበር።

ያን ጠዋት ቤቴ ስገባ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። እንቁላል ጠብሼ በላሁ፤ ጨው ማነሱ ታወቀኝ። ጨው ማነሱ ሲታወቀኝ ነው ከስንት ጊዜ በኋላ የበላሁት ነገር ጣዕም እንዳለው የገባኝ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ። ሐኪሟን በልቤ ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ንዴቴ ግን በረደ።

ከዚያ በኋላ የቀረሁበት ቀን የለም። ምኑ እንደጠቀመኝ ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ላቡ ነው፤ ሰውነት ሲደክም ጭንቅላት የሚያብሰለስልበት አቅም ያጣል። ሌላው ግን ዓይኔ ነው። የሌላ ሰው መንገድ የሚጠብቅ ሰው ወደ ራሱ ጉድጓድ ለማየት ጊዜ አያገኝም። ትንሽ ብዘናጋ ሰውየው ቦይ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ስለ ኮንዶሚኒየም እያማረርኩ ሳለ ገብቶም ነበር። ከቦዩ ውስጥ ቀና ብሎ "ረዳት፣ ልጅህ ፎቅ ላይ ስለምትኖር እኔ ምድር ቤት ልግባ?" አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የራሴን ሳቅ ረስቼው ነበርና ድምፁ አስደነገጠኝ።

ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረድነው ያን ቀን ነው፤ ቦይ የገባን ሰው እጁን ይዞ እየጎተቱ "ይውጡ" ማለት አይመችም። ስሙን ግን አልጠየቅኩትም። መጀመሪያ ላይ አለመጠያየቃችን አሳርፎኝ ነበር። አገርህ የት ነው፣ ሚስትህ የት ሄደች፣ ለምን ከሳህ የማይለኝ ሰው ማግኘቴ ነው። በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ። ስም በመጀመሪያው ሳምንት ካልተጠየቀ ውሎ ሲያድር ያሳፍራል፤ በየቀኑ አብረኸው እየሄድክ "ለመሆኑ ማን ትባላለህ?" አይባልም። እሱ "ረዳት" ይለኛል፤ እኔ "ሾፌር" እለዋለሁ። የክፍል ስም እየጠራሁ የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ ስም መጠየቅ አቃተኝ።

የማናወራው ነገር አልነበረም። እኔ በካርታ ያስተማርኩትን ወንዝ ሁሉ እሱ በተሳቢ ተሻግሮታል። ሚሌ በረሃ ጎማ ፈንድቶበት ያደረበትን፣ ሞያሌ መንገድ ላይ ዝናብ ያስቆመውን ይነግረኛል። እኔ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ብዙነሽ፣ ስልክ ላይ ስለሚተነፍሰው ልጅ እነግረዋለሁ። ከእሱ ቤት ግን አንድም ነገር አይወጣም። ፀሐይዋ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ አናት ብቅ ስትል ሰዓቱን አይቶ "በቃ፣ ረዳት፤ ነገ" ይልና እየተጣደፈ ምሥራቅ ወደሚባለው ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ ይሳፈራል። ቤቱ ሰው የሞላበት፣ ቁርስ ቀርቦለት የሚጠበቅ ሰው መስሎኝ ቀናሁበት። እውነቱን ለመናገር፣ ባጃጁ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሜ እያየሁ የምቀናበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ማታ ብዙነሽ ስትደውል ያው "ደህና" እላታለሁ። አሁን እውነትም ደህና ነበርኩ። ቃሉ ግን ያው የድሮው ቃል ስለነበር ልዩነቱን በምን ታውቀው?

አንድ ቀን ሰውየው ቀረ።

ጉንፋን ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ቀረ። ከዋርካው ሥር ቆሜ እያንዳንዱን ባጃጅ ባየው ባየው የሚወርድ የለም። ብቻዬን ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። እግሬ ሄደ፤ ዓይኔ ግን የሚጠብቀው ስላልነበረው ወደ ውስጥ ዞረ። መንገዱ ያው ነው፣ ላቡም ያው ነው፤ ግማሽ ድረስ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ዝናብ ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ አልወጣሁም። መጋረጃው እንደተዘጋ ዋለ። እንቁላሉ እንደገና አፈር አፈር አለኝ።

ያኔ ፈራሁ። መጀመሪያ እዚያ አልጋ ውስጥ ስገባ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ አልፈራሁም ነበር። አሁን ግን የድባቴን ስምም መልክም አውቄዋለሁ፤ ዳግመኛ ከገባሁ የምወጣ አልመሰለኝም። ያወጣኝ ሰው ደግሞ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ነው። ስልኩ የለኝም። ቤቱን አላውቅም። ሰው በዚህ ዕድሜው ጓደኛውን እንደወደቀ ሳንቲም መንገድ ላይ ይፈልጋል?

እንደምንም ተነሥቼ ሐይቁ ዳር ሄድኩና ካሌብን ጠየቅኩት። ልጁ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ያ የኋሊት የሚሄዱት ጋሼ? ቤታቸው ምሥራቅ፣ ከእኛ ሰፈር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ትናንት በባጃጅ ሳልፍ ... በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል።"

"ድንኳን" አልኩ።

"እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፤ እኔም ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። በዚያ ዕድሜ ያለ፣ ለሳምንት የጠፋ ሰው፣ በሩ ላይ ድንኳን ከተተከለ ምን ይጠየቃል?

ቤቴ ተመልሼ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፤ ነጠላ ደረብኩ። ባጃጅ ቆሞልኝ "ልውሰድዎት?" ሲለኝ እምቢ አልኩ። በእግሬ መሄድ ፈለግሁ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ በእኛ አገር ደንብ የወንድ ልቅሶ ከሩቅ ጀምሮ ነው የሚሰማው። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ማን ነው የሞተው?" ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ አውቆ ነው የሚመጣ፣ አልቅሶ ነው የሚገባ። በአዋሳ ኑሮዬ ይህን ደንብ ትቼው ነበር። የቢሮና የትምህርት ቤት ሰው ሲሞት ቆብ አውልቄ፣ ጥቂት ተቀምጬ እመለሳለሁ። ለዚህ ሰው ግን የአባቶቼ ልቅሶ ይገባዋል አልኩ። የሚገባውን ሌላ ምንም አልሰጠሁትምና።

ወፍጮ ቤቱን ስታጠፍ ድንኳኑ ታየኝ። ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ሳብኩ። ጉሮሮዬ ቀድሞኝ ተከፈተ።

"ወንድሜን! ወንድሜን! ሾፌሬን! የኋሊት ስትሄድ ያላየሁልህን ወንድሜን! ማን ና ና ይበልህ ከእንግዲህ! ማን በቃ ይበልህ! ረዳትህ መጣሁ!"

እየጮኽኩ ድንኳን ገባሁ። ውስጥ ለስላሳ መዝሙር ነበር፤ ተቆረጠ። የፕላስቲክ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አንዱ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለ፤ ሌላው "እሽ ... ተዉት" አለ። ጴንጤዎች መሆናቸው ያኔ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለ ልቅሶ በዚያ ድንኳን ውስጥ አይለቀስም፤ ግን ጀምሬዋለሁ፤ የጀመሩትን ልቅሶ ደግሞ እንደ ሬዲዮ አይዘጉትም። መሬት ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። በመጀመሪያ ለእሱ ነበር። ከዚያ ለተዘጋው መጋረጃ፣ ለማይነበበው መጽሐፍ፣ በሩን አንኳኩቶ ለሄደው ጎረቤት ሁሉ አለቀስኩ። ያን ያህል እንባ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ከባድ እጅ ነው።

"ረዳት" አለኝ አንድ ድምፅ። "አለሁ።"

ነጠላዬን ገለጥኩ። ጢሙ አድጓል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ጥቁር ሹራብ ለብሷል፤ ግን እሱ ነው። እሱ ራሱ እፊቴ በርከክ ብሏል። ከጀርባው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በአበባ መካከል የአንዲት ሰፊ ፊት ያላት ሴት ፎቶ አለ። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ ሚስቱ መሆኗ ገባኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሚስቱ በሞተችበት ሰው ፊት፣ በሚስቱ ድንኳን ውስጥ፣ ደስ አለኝ። ተነሥቼ አንገቱን አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት፤ "አለህ! አለህ!" አልኩት። ከዚያ ፎቶውን እንደገና አየሁ፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ለፊት አለቀስኩበት፤ የሞተችውን ደግሞ ዞሬ አላየኋትም። ሁሉም እኔን ያያል።

ከጥግ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ከልቅሶው መሀል እንደገና ሳቀች። "ወይ አለምነሽ" አለች ወደ ፎቶው፤ "ይሄን ሳታይ ትሄጃለሽ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ረዳቱ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እኔ እህቷ ነኝ። እሷ ስለ እርስዎ ሳትሰማ ቁርስ አትበላም ነበር።"

አጠገቧ ወንበር ሰጡኝ፤ ውሃም አመጡልኝ። እህትየዋ ናት የነገረችኝ። አለምነሽን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ግማሽ አካሏ አይታዘዝም፤ የምትናገረውም ቀስ እያለች ነበር። የሚያገላብጣት፣ የሚያበላት፣ አጠገቧ የሚያድረው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት እህትየዋ መጥታ ገላዋን ታጥባታለች፤ ሰውየው ነፃ የሚሆነው ያቺን ጊዜ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከቤት አልወጣም ብሎ ነበር። "አንተም ከእኔ ጋር ልትተኛ ነው? ሂድ፣ እግርህን ፍታው" ብላ ያባረረችው እሷ ናት። እኔን ካገኘኝ በኋላ ደግሞ "ሂድ እንጂ፣ ረዳትህ ይጠብቅሃል" ትለዋለች። ሲመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቁርሷን እያጎረሳት፣ ያልኩትን ሁሉ ይነግራታል። ቦይ የገባ ዕለት ስትስቅ ትን ብሏት አስደንግጣቸዋለች።

"ሚስትዎ አዲስ አበባ መቅረቷን ታውቃለች" አለችኝ እህትየዋ። "'ዛሬስ ደወለችለት?' ትለው ነበር።"

ሰው የሞላበት ቤት ነው ብዬ የቀናሁት ይህን ቤት ነው። በየቀኑ የእኔን ብሶት ተሸክሞ የሚሄደው ሰውዬ ለራሱ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም። አለመጠያየቅ ዕረፍት ይመስለኝ ነበር፤ ያረፍኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ሰውየው ከእህትየዋ ማዶ ተቀምጦ እጁን እያየ ነበር። ቀና አለ።

"አንድ ነገር ብቻ ታስቸግረኝ ነበር" አለኝ። "ስምህን። 'ሰውየው ስም የለውም እንዴ? ጠይቀህ ና' ትላለች። እኔ 'እሺ፣ ነገ' እላለሁ። ትንሽ ሲቆይ አሳፈረኝ። አሁን ብጠይቀው ምን ይለኛል እላለሁ። እሷ ግን አትተወኝም። መናገር በቻለችበት በመጨረሻው ጠዋት እንኳ ከበር ስወጣ ጠርታ ጠይቃኛለች። እኔም 'ነገ' አልኳት።"

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

"ማን ትባላለህ?"

"ገብረየስ" አልኩት።

ወንበሩን አዞረ። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋና ሰው እንደሚያነጋግር በደህና ድምፅ፣ "ገብረየስ ነው ስሙ" አላት። ከዚያ በሲዳምኛ ደገመላት። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆየ።

ቀኑን እዚያው ዋልኩ። የእሱን ስም የሰማሁት ፓስተሩ ሲጸልዩ ነው፤ "ወንድማችን ሳምሶንን አጽናው" አሉ። መዝሙሩን አላውቀውም፤ ቢሆንም አብሬ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ሳምሶን እስከ ድንኳኑ በር ሸኘኝ። ሁለታችንም ስለ ሐይቁ አላነሣንም። ጉልበቱ ሲታጠፍ ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ከቀረ ጀምሮ ሳይንቀሳቀስ ነው የዋለው። "ነገ እመጣለሁ" አልኩት። በእግሬ እመጣለሁ ማለቴ ነበር፤ ከእኔ ቤት እስከ እሱ ቤት ላብ ጠብ የሚያደርግ መንገድ ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ ዝሏል፣ ዓይኔ አብጧል፤ ደረቴ ግን እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም። በሩን ከፈትኩ። ቤቱ ያው ባዶ ነው። መብራቱን ከማብራቴ ስልኩ ጮኸ።

"እንዴት ዋልክ?" አለች ብዙነሽ።

"ደህና" ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

"ለቅሶ ቤት ነው የዋልኩት።"

"ውይ፣ የማን?"

"የጓደኛዬ ሚስት ሞታ።"

"አንተ ጓደኛ አለህ?" አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ቁጭ አልኩ። ከሐኪሟ ጀምሬ ነገርኳት። ድባቴ የሚባለውን ቃል፣ የተዘጋውን መጋረጃ፣ በላሁ ያልኳትን ያልበላሁትን ምሳ ሁሉ ነገርኳት። ሐይቁን፣ የኋሊት የሚሄደውን ሰው፣ ና ና ናውን ነገርኳት። ከወዲያ ልጁ "ስልክ ስልክ" ሲል "ቆይ" አለችው። እንደምታለቅስ ከአተነፋፈሷ ታወቀኝ፤ ትዳራችን ረጅም ነው።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ታመህ ነበር?" አለች።

"ነበርኩ።"

አፍንጫዋን ሳበች። "ሰውየው" አለች ቀጥላ፣ "ስሙ ማነው?"

"ሳምሶን" አልኳት ወዲያው። "የሞተችው ሚስቱ አለምነሽ ትባላለች። ስለ አንቺ ሁሉንም ታውቅ ነበር።"